ከጓሮ እስከ ሜዳ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ፍራንክ ሄይደን የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ በቶሮንቶ ከተማ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች አካላዊ ብቃት ይለካ ነበር። ከሌሎች እኩዮቻቸው ጋር ሲያስተያያቸው ብዙዎቹ በግማሽ ያህል ያነሱ ሆነው አገኛቸው። የዘመኑ ሐኪምም መምህርም ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ አእምሮ ከዘገየ ሰውነትም ይዘገያል፣ የሚደረግ ነገር የለም። ሄይደን በዚህ አልረካም። ልጆቹ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉት ተመለከተ። አብዛኞቹ ተቀምጠው ነበር የሚውሉት። ሌላው ልጅ ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያባርር፣ ዛፍ ላይ ሲወጣ፣ ከትምህርት ቤት እየሮጠ ሲመለስ እነሱ ከበር አይወጡም። የሚሮጡበትና የሚዘሉበት ዕድል ሲሰጣቸው ግን ጉልበታቸውም ትንፋሻቸውም እንደማንኛውም ልጅ ይጨምር ነበር። ያደከማቸው መቀመጡ ነበር።

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ለአረካ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የቦሎሶ ሶሬ ቀበሌዎች ቤትና ቤት ተጠጋግቶ፣ በመካከሉ እንሰት ተተክሎ ሰው ተጨናንቆ ይኖራል። ልጅ የሚጠፋበት ስፍራ የለም። ሆኖም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ጎረቤት ስሙን እንኳ የማያውቀው፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት አለ። የሄይደን ግኝት ከቶሮንቶ ተነሥቶ ወደዚህ ቤት ደጃፍ የተጓዘበት መንገድ ረጅም ነው፤ በመካከሉ አንድ የተደበቀች እህት፣ አንድ ባዶ ስታዲየም፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀስት የወረወረ የማራቶን ጀግናና ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ የወጡ እናቶች አሉ።

የተደበቀችው እህት ሮዝሜሪ ኬኔዲ ትባላለች። በ1918 ተወለደች። አባቷ ከአሜሪካ ከበርቴዎች አንዱ ነበር፤ ወንድሟ ጆን በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሮዝሜሪ ለመማር ከወንድሞቿና ከእህቶቿ ትዘገይ ነበር። ቢሆንም ከእነሱ ጋር ትዋኛለች፣ ጀልባ ትቀዝፋለች፣ ትጨፍራለች። በ1941፣ የ23 ዓመት ወጣት ሳለች፣ ጠባይዋን ያረጋጋዋል በተባለ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት መራመድና መናገር የማትችል ሆነች። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ ርቃ በተቋም እንድትኖር ተደረገ፤ ስለ እርሷም ለረጅም ዓመታት አይወራም ነበር። ገንዘብም ሥልጣንም ያለው ቤት ልጁን እንዲህ ከደበቀ፣ በድህነት ላይ የሰው ዓይን የሚፈራ ገበሬ ለምን ይደብቃል ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

ዝምታውን የሰበረችው ታናሽ እህቷ ኢዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ናት። በሰኔ 1962 በሜሪላንድ ግዛት ሮክቪል በሚገኘው የመኖሪያ ቤቷ ሰፊ ጓሮ ውስጥ የበጋ የቀን ካምፕ ከፈተች። በመጀመሪያው ዓመት የመጡት 34 ገደማ ልጆች ነበሩ። አጫዋቾቹ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ያህል ይደርሰው ነበር። ልጆቹ ዋኙ፣ ፈረስ ጋለቡ፣ ኳስ ወረወሩ። በቅድሚያ የፈሩት ጎረምሶቹ አጫዋቾች ነበሩ። ልጁ ይመታኛል፣ ይወድቅብኛል፣ ቋንቋው አይገባኝም የሚለው ስጋት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀቃቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ኢዩኒስ ስለ ሮዝሜሪ በአንድ ታዋቂ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በግልጽ ጻፈች። የፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለው ሲታወቅ የብዙ ሌሎች ቤቶች በርም ተከፈተ።

በዚያው በ1962 እንግሊዛዊው ሊዮናርድ ቼሻየር የመሠረቱት በጎ አድራጎት በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ ነበር። በፖሊዮ የተጎዱ ልጆች ሕክምናና ድጋፍ የሚያገኙበት በር ተከፈተ ማለት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ግን በዚያን ጊዜ ለማንም የሥራ ዕቅድ አልሆኑም። እግሩ የሰለለ ልጅ ችግሩ ለሁሉም ይታያል፤ ድጋፍና ክራንች ይሠራለታል። አእምሮው የዘገየ ልጅ ችግር ደግሞ እርግማን፣ የቤተሰብ ኃጢአት ወይም ክፉ መንፈስ ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የሄይደን ምርምርና የኢዩኒስ ጓሮ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተገናኙ፤ ሄይደን የኢዩኒስ ቤተሰብ ድርጅት ከሆነው ከኬኔዲ ፋውንዴሽን ጋር መሥራት ጀመረ። ወደ ውድድር ያሸጋገራቸው ሐሳብ ግን የመጣው ከሁለቱም አልነበረም። አን ማግሎን የምትባል የቺካጎ ከተማ መናፈሻዎች የስፖርት መምህርት በሰፈሯ መናፈሻ ለእነዚህ ልጆች ልምምድ ትሰጥ ነበር፤ ከተማ አቀፍ የአትሌቲክስ ውድድር እናዘጋጅ ብላ ለፋውንዴሽኑ ጻፈች። ኢዩኒስ ሐሳቡን አስፍታ ተቀበለችው፤ 25 ሺህ ዶላርም ተሰጠ። የመምህርቷ የኋላ ታሪክም የሚገርም ነው። በትዳር ስሟ አን በርክ ተብላ ሕግ አጠናች፤ በመጨረሻም የኢሊኖይ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነች።

ሐምሌ 20 ቀን 1968 በቺካጎው ሶልጀር ፊልድ ስታዲየም ከ26 የአሜሪካ ግዛቶችና ከካናዳ የመጡ አንድ ሺህ ያህል አትሌቶች ተሰለፉ። ኢዩኒስ ወንድሟን ሮበርትን በጥይት አጥታ ከቀበረች ገና ስድስት ሳምንት ነበር። አትሌቶቹ 50 ያርድ ሮጡ፣ ከፍታና ርዝመት ዘለሉ፣ ኳስ ወረወሩ፣ ዋኙ። ከቶሮንቶ የአንድ ትምህርት ቤት የሆኪ ቡድን ሳይቀር መጥቶ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚይዘው መቀመጫ ግን ባዶ ነበር፤ ተመልካቹ መቶ እንኳ አይሞላም ይባላል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከዚህ ውድድር የተነሣው ስፔሻል ኦሊምፒክስ በሕግ የተቋቋመ ድርጅት ሆነ።

ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቴል አቪቭ ላይ በተካሄደው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋለች። በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ስፖርት አገሪቱ ከማንም በላይ የምትወደውን ሰው ስም ያዘ።

በመጋቢት 1969 አበበ ቢቂላ በሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ሮምንና ቶኪዮን በማራቶን ያሸነፈው ሰው እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1948 በ16 ተወዳዳሪዎች የጀመሩት የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ የተወለደበት ነው። አበበ በ1970 በዚያው ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በበረዶ ላይ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር አሸነፈ። በሬዲዮና በጋዜጣ የሰማው ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ተማረ፤ እግር ባይንቀሳቀስም ስፖርተኛ መሆን ይቻላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ግን ይህን የሚያሳይ አበበ አልተገኘላቸውም። የሁለቱ መንገድ በአገራችን የተራራቀው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይመስላል።

መንግሥት በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ትእዛዙ የአካልም የአእምሮም ጉዳት ያለበትን ይጨምር ነበር፤ ትኩረቱ ግን ሠርቶ መብላት ላይ ነበር። በ1973 የማዘር ቴሬሳ መነኮሳት አዲስ አበባ ገብተው ማንም የማይፈልጋቸውን ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ። አልጋ፣ ምግብና መድኃኒት ሰጡ፤ ያ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ከአልጋ ተነሥቶ ወደ ሜዳ የሚወጣበት ዘመን ግን ገና አልመጣም። በአብዮቱ ዓመታት በጦርነት የቆሰለው ብዙ ስለነበር የአካል ጉዳት ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ወታደሩ ነበር።

በሌላው ዓለም እንቅስቃሴው ሰፋ። በ1988 ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፔሻል ኦሊምፒክስ እውቅና ሰጠ። በዚያው ጊዜ አካባቢ አንድ ትልቅ ለውጥም መጣ፤ ውስንነቱ ያለባቸውና የሌለባቸው ተጫዋቾች በአንድ ቡድን መሰለፍ ጀመሩ። በአምስት ሰው የእግር ኳስ ጨዋታ ሦስቱ ውስንነቱ ያለባቸው፣ ሁለቱ አጋር ተጫዋቾች ናቸው። አጋሩ ጨዋታውን ብቻውን እንዳይቆጣጠር ደንብ ተበጀለት። ከሁሉም ፈጠራዎች ለእኛ ሰፈር የሚስማማው ይህ ነው። ወንድም ከወንድሙ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚጫወትበት ነውና።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ወላጆች ተነሡ። ሕገ መንግሥቱ በ1994 ሲጸድቅ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ደነገገ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሙት፣ በኋላ ፍቅር የሚለውን ስም የያዘው ብሔራዊ ማኅበርም የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ማኅበሩን ከሌሎቹ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የሚለየው አንድ ነገር አለ። ዓይነ ሥውሩ ስለ ራሱ ይናገራል፣ መስማት የተሳነው በምልክት ቋንቋ ይሟገታል። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት እናትና አባት ናቸው፤ ያውም ለዓመታት ዝም ካሉ በኋላ። ስፔሻል ኦሊምፒክስ ኢትዮጵያም የዓለም አቀፉ እንቅስቃሴ የአፍሪካ ክፍል አባል ሆኖ በአገሪቱ ተመሠረተ።

በ1997 ስፔሻል ኦሊምፒክስ ከሜዳው ጎን የጤና ምርመራ ማድረግ ጀመረ። የተገኘው ነገር አሰልጣኞችን አስደነገጠ። መነጽር ቢሰጠው ኳሷን የሚያይ ልጅ፣ አይሰማም የተባለ ግን ጆሮው በኩክ የተደፈነ ልጅ፣ የሚጮኸው ጥርሱን ስላመመው የሆነ ልጅ ተገኘ። ሐኪም ዘንድ ያልቀረቡት ለሁሉም ነገር ምክንያቱ አእምሮው ነው ስለተባለ ነው።

ታሪኩ ጥቁር ነጥብም አለው። የፓራሊምፒክ ውድድር የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አትሌቶች በሩን በ1996 አትላንታ ላይ ከፍቶ ነበር። በ2000 ሲድኒ ላይ የስፔን የቅርጫት ኳስ ቡድን ወርቅ ካገኘ በኋላ ከ12ቱ ተጫዋቾች 10ሩ ምንም ውስንነት የሌለባቸው መሆናቸው ታወቀ። ምሥጢሩን ያወጣው ቡድኑ ውስጥ ገብቶ የተጫወተ ጋዜጠኛ ነበር። ሜዳሊያው ተነጠቀ። ቅጣቱ ግን በአጭበርባሪዎቹ አላበቃም፤ የዚህ ዘርፍ ውድድሮች በሙሉ ከፓራሊምፒክ ተሰረዙ፤ ንጹሐኑ አትሌቶችም እስከ 2012 ድረስ 12 ዓመት ከበሩ ውጭ ቆሙ። ሐሰተኛው የዘረፈው ሜዳሊያ ብቻ አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ለውድድር የደረሰ ወጣቶችን አንድ ሙሉ ዘመን ጭምር ነው።

አፍሪካ ውስጥ ጉዳዩን ከፍ አድርገው ያነሡት ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። በ2001፣ ቀድሞ ታስረው በነበሩበት በሮበን ደሴት የስፔሻል ኦሊምፒክስን ችቦ ለኮሱ። ዓመት ሳይቆይ፣ በ2002፣ አዲስ አበባ ላይ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዘሚ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ የሥራ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጡ። ስለዚህ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ራሳቸው ከፈቱ፤ በፊደላችን ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ቀረጹ። ኦቲዝም ሁሉ ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር አይመጣም። የዘሚ ዘመቻ ግን የሁለቱንም ወላጆች ከቤት አወጣ። በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ ይህ ነው ማለታቸው ለብዙ እናቶች ድፍረት ሆኗል። በ2021 በኮቪድ ምክንያት ሲያርፉ ያዘኑላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

በ2003 የስፔሻል ኦሊምፒክስ የበጋ የዓለም ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካ ወጥቶ አየርላንድ ላይ ተካሄደ። ስለ አየርላንድ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ለትንሽ ከተማ የሚሆነው ትምህርት ከዋናው ውድድር ይልቅ ከዚያ በፊት ከነበሩት ቀናት ይገኛልና። ከ150 በላይ አገሮች የመጡት 7 ሺህ ያህል አትሌቶች ዱብሊን ከመግባታቸው በፊት በ177 ከተሞችና መንደሮች ተከፋፍለው ለጥቂት ቀናት እንግዳ ሆኑ። አንዱ መንደር የአንዱን አገር ቡድን ተቀበለ። ሴቶቹ ምግብ አዘጋጁ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች የእንግዶቹን ባንዲራና መዝሙር አጠኑ፣ የሰፈሩ ክለብ ሜዳውን ሰጠ። በጎ ፈቃደኛው በአጠቃላይ 30 ሺህ ደረሰ። ማንዴላም በክሮክ ፓርክ ስታዲየም በተከፈተው በዓል ላይ ተገኝተው ንግግር አደረጉ። ከእንግዶቹ መሄድ በኋላ እያንዳንዱ መንደር በራሱ ደጃፍ ያለውን ልጅ የሚያይበት ዓይን ተለወጠ፤ አሰልጣኝ ለመሆን የሚመዘገበውም ሰው ተገኘ። ቺካጎ ላይ ባዶ የነበረው መቀመጫ በ35 ዓመት ውስጥ ሞልቶ ነበር።

በዚያው 2003 ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረች። ይህ ከስፖርት ጋር ምን ያገናኘዋል ይባል ይሆናል። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጓዳ ውስጥ ያለውን ልጅ የምታውቅ የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሰው ሆነች። በቀጣዮቹ ዓመታት በደቡብ ክልል የሚሠሩ ብዙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ልጆች የአእምሮ እድገት ችግሮች የሚያስረዳ ተጨማሪ ሥልጠና አግኝተዋል። የልጆቹን ዝርዝር ለመያዝ ከእነሱ የተሻለ ምንጭ አይገኝም።

ሕጉም ተከተለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 30 ስፖርትና መዝናኛን መብት አድርጎ ጻፈው። ኢትዮጵያ በ2010 ስምምነቱን ተቀብላ የሕጓ አካል አደረገችው። በወረቀት ደረጃ የአረካ ልጅ የመጫወት መብት ከዚያ ቀን ጀምሮ የተረጋገጠ ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። የ2007 የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ ያገኛቸው አካል ጉዳተኞች ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በ2011 የወጣው የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ሪፖርት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገመተ። ልዩነቱን በመለኪያ አለመመሳሰል ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ያልተጠራ ልጅም አለበት።

በዚያው በ2011 የወጣው የምግብ ጨው አዮዲን ደንብም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት በቂ አዮዲን ካላገኘች የጽንሱ አንጎል ይጎዳል፤ በአፈሩ ውስጥ አዮዲን ባነሰበት ደጋ እንቅርትና የአእምሮ እድገት ውስንነት አብረው የሚታዩትም ለዚህ ነው። አዮዲን ያለው ጨው፣ በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ ወሊድ፣ ለማጅራት ገትር በጊዜ የሚሰጥ ሕክምና የሚወለደውን ልጅ ያድናሉ። የተወለደው ልጅ ግን ዛሬ ሜዳ ይፈልጋል።

በ2012 የለንደን ፓራሊምፒክ በሩ ዳግም ተከፈተ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አትሌቶች በአትሌቲክስ፣ በዋናና በጠረጴዛ ቴኒስ ተመለሱ። በሩጫ የተመረጠላቸው ርቀት 1,500 ሜትር ነበር። በዚያው ለንደን ወንድዬ ፍቅሬ ክንዳቸው ጉዳት ባለበት አትሌቶች ምድብ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ ብር አመጣ። በ2016 ሪዮ ላይ ታምሩ ደምሴ የማየት ጉዳት ባለባቸው አትሌቶች ምድብ በዚያው ርቀት ብር ወሰደ። ትዕግሥት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1,500 ሜትር የአገሪቱን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ደገመችው፤ ያየሽ ጌቴም በሌላ የማየት ጉዳት ምድብ በዚያው ርቀት ወርቅ ጨመረች። ኢትዮጵያ በ1,500 ሜትር የምታውቀውን የማሠልጠን ጥበብ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣቶችም ብታውል ምን ሊገኝ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ወላይታም በዚህ ጊዜ በስፖርት ስሟን አስጠርታ ነበር። በመጋቢት 2018 ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ ሕዝቡ በደስታ ወጣ። ለአንድ ክለብ እንዲህ የሚወጣ ሕዝብ ለጎረቤቱ ልጅ ለመውጣት ጉልበት አያንሰውም። በነሐሴ 2023 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ከአረካ ወደ ቢሮ የሚሄድ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ድረስ መጓዝ አይጠበቅበትም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2023፣ በርሊን የስፔሻል ኦሊምፒክስን የዓለም ጨዋታ አስተናግዳ ነበር፤ ከ200 በላይ የጀርመን ከተሞችና ወረዳዎችም እንደ አየርላንድ መንደሮች እንግዶች ተቀብለዋል።

እንግዲህ አረካ ላይ ለመጀመር የሚያስፈልገው ሥራ በሌላ አገር ከስድሳ ዓመት በላይ ተፈትኗል። የሚጀመረው ከሜዳሊያ አይደለም። በወላይታ ሁኔታ የሚጀመረው ከጫማ ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ የሚያብጥበት ፖዶኮኒዮሲስ በወላይታ የታወቀ በሽታ ነው፤ በ2003 የታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆነው እንደተያዘ አሳይቷል። ልጅን በባዶ እግሩ አስሩጦ ጤና ሰጠነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለኳስና ለመለያ ከሚሰበሰበው ብር በፊት የሸራ ጫማ፣ ከልምምድ በኋላም የእግር መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይቀድማል።

ሁለተኛው የሐኪም ዓይን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን መውሰዱ ይረጋገጣል፤ አሠልጣኙም ልጁ ሲጥለው ምን እንደሚያደርግ ይማራል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች የአንገታቸው አጥንት መጋጠሚያ ስለሚላላ ኳስ በግንባር መምታት፣ በጭንቅላት መገለባበጥና ዘሎ ውሃ መግባት ከሐኪም ፈቃድ በፊት አይፈቀድላቸውም።

ሦስተኛው ሰው ነው። ስፔሻል ኦሊምፒክስ ለአራት አትሌቶች አንድ አሠልጣኝ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር የሚያስፈራው ደሞዝ ከታሰበ ነው። የኢዩኒስ አጫዋቾች ጎረምሶች ነበሩ፤ የአረካም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፣ የልጁ ታላቅ እህት ይህን ቦታ ይይዛሉ። ሥራውም ከባድ ትምህርት አይፈልግም። አንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ከመናገር በፊት ሠርቶ ማሳየት ይቀድማል፤ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል ይካሄዳል። ልጁ በወላይትኛ ያደገ ከሆነ ማሠልጠኛው ወላይትኛ ነው። እናትየዋ መስመሩ ዳር ትቀመጣለች። አብረዋት ከሚቀመጡት ሌሎች እናቶች ጋር የምታወራው ነገር ለልጁ ከልምምዱ የማያንስ ጥቅም አለው፤ ብቻዋን እንዳልሆነች የምታውቀው እዚያ ነውና።

ውድድሩ የሚመጣው ቢያንስ ከስምንት ሳምንት ልምምድ በኋላ ነው፤ ዕድሜው 8 ዓመት የሞላ ሁሉ ይገባበታል። ከስምንት በታች ያሉት መጫወትና መለማመድ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። የስፖርቱን ልዩ ፍትሕ የያዘውም የምድብ አሠራሩ ነው። ልጆቹ በጾታና በዕድሜ ይለያሉ፤ ከዚያ ማጣሪያ ሮጠው ሰዓታቸው ይያዛል፤ በአንድ ምድብ ውስጥ በፈጣኑና በዝግተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ብዙም እንዳይበልጥ ይደረጋል። ቀላል ምድብ ለማግኘት በማጣሪያው ሆን ብሎ ተጎትቶ በፍጻሜው የፈጠነ ተወዳዳሪ ይሰረዛል። 50 ሜትርን በ9 ሰከንድ የሚሮጠው ከእኩያው፣ በ25 ሰከንድ የሚሮጠውም ከእኩያው ጋር ይሰለፋል። ሁለቱም የሚያሸንፉት የምር ነው፣ የሚሸነፉትም የምር። ለርኅራኄ ተብሎ የሚሰጥ አንደኛነት የለም።

በአንድ ምድብ ከስምንት በላይ ተወዳዳሪ አይገባም። ዝቅተኛው ቁጥር ሦስት ነው።